ጧፍ አይጮህም

አንድ ሰው ነበረ፤ ራዲዮ የሚደበድብ።

አትሳቁ። እናንተም ቤት ራዲዮ ይደበደባል፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ጎኑን በመዳፍ ጠፍ ጠፍ፣ እምቢ ካለ ደግሞ አናቱን ደህና አድርጎ አንድ ጊዜ። ይህ ሰውዬ ግን የዕድር ዳኛ ነው። በሰፈሩ የተከበረ፣ ሰው ሲጣላ የሚጠራ፣ ነጠላውን አጣፍቶ መሐል ቁጭ ሲል ሁሉም ዝም የሚልለት ሰው ነው። ስሙን ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ ሰፈርተኛው ራሱ "ዳኛችን" እንጂ በስሙ አይጠራውም። እና ይህ ዳኛ በየቀኑ አመሻሹ ላይ፣ የሠርክ ጸሎት ሲያልቅ፣ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ራዲዮ ይደበድባል።

ምን አደረገው ራዲዮው? ይጮኻል። ጥዝዝ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጥዝዝ ይላል።

ዳኛው የሚፈልገው ከሩቅ አገር በአጭር ሞገድ የሚመጣ ጣቢያ ነው። አጭር ሞገድ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፤ መርፌዋን የፀጉር ያህል ስታንቀሳቅሷት ሌላ አገር ነው የምትገቡት። በዚያ ጣቢያ ላይ የስደተኞች መልእክት የሚነበብበት ሰዓት አለ። በየበረሃው፣ በየመጠለያው ያለ፣ ስልክ የሌለው ሰው ቃሉን ይልካል፤ እነሱ ያነቡለታል። እገሌ ለእናቱ፣ እገሊት ለወንድሟ። ዳኛው ያን ሰዓት የሚጠብቀው ልጁን ፍለጋ ነው። አንዱአምላክ የሚባል ልጅ አለው፣ ሌላ ልጅ የለውም። እሱም ከቤት ወጥቶ ጠፍቷል።

ሰፈሩ ይህን አያውቅም። ሰፈሩ የሚያውቀው ልጁ አጎቱ ዘንድ ለትምህርት ሄደ ተብሎ ነው። ያለውም ራሱ ዳኛው ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ የምታውቀው ግማሹን ነው። ልጇ ድንበር ተሻግሮ መውጣቱን ከጓደኞቹ ሰምታለች። የወጣ ዕለት ጠዋት አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ምን እንዳለው ግን አታውቅም፤ ገበያ ነበረች። "ያው የልጅ ነገር፣ ተኮራርፈን ነው" አላት። እሷም አመነችው።

ልጁ እንደጠፋ ዳኛው ስለት ተሳለ። ከገበያ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አመጣ። ታውቁታላችሁ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ገመዱ ላይ ትንሽ ሳጥን ያለችው። ብልጭ ድርግም የምታደርገው ሳጥኗ ናት። ሳሎኑ ውስጥ በተሰቀለው የመድኃኔዓለም ሥዕል ዙሪያ አዞረው። "ልጄ ቤቴ እስኪገባ ይህ መብራት አይጠፋም" አለ። ሥዕሉ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ከመንገድ ይታያል። መንገደኛው እያማተበ ያልፋል፣ "ዳኛችን ቤት እኮ መብራት አይጠፋም" ይባላል፣ እሱም ሲባል ይሰማል።

ስለት ክፉ ነው አላልኩም። ከዚህ ወጥቶ "መምህሩ ስለት ነቀፈ" የሚል እንዳይኖር። እያልኩ ያለሁት፣ ራዲዮው እዚያው ከሥዕሉ ሥር፣ ብፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ነው የተቀመጠው። ይህን ያዙልኝ።

እና ጥዝዝታው ከየት መጣ? ዳኛው መፈለግ ጀመረ። ሰው ጥፋት ሲፈልግ ከየት ነው የሚጀምረው? ከሩቅ።

መጀመሪያ አንቴናውን ጠረጠረ። ሽቦ አስሮ በመስኮት አወጣው፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ አገናኘው፣ ከቆርቆሮው ደግሞ ጓሮ ካለው ባሕር ዛፍ ጫፍ። ምንም አልተሻለውም። ቀጥሎ ራዲዮውን ጠረጠረና ሠሪ ዘንድ ወሰደው። ሠሪው ከፈተው፣ አቧራውን አራገፈለት፣ ጣቢያውን ፈልጎ አሰማው። ኩልል ያለ ድምፅ። "ዳኛችን፣ እኔ ጋ ጤነኛ ነው። ምናልባት ቤት ያለ ነገር እንዳይሆን" አለው።

ሰማችሁ? ቤት ያለ ነገር እንዳይሆን።

ዳኛው ምን አለ? "ሙያ የለውም" አለ። ራዲዮውን በብብቱ ይዞ እየተነጫነጨ ቤቱ ገባ፣ ዳንቴሉን አልብሶ ብፌው ላይ መለሰው፣ ከፈተው። ጥዝዝ። መዳፉን አነሣ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ "የአንዱአምላክ አባት፣ ይህ ራዲዮ በባትሪ ድንጋይ አይደል የሚሠራው? ይዘነው ደጅ እንውጣ እስቲ። ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለን እንሞክረው" አለችው።

"አንቺ ደግሞ" አላት። "የልጁ ስም ቢጠራ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማ ነው? ገመናዬን ደጅ ላውጣው?"

እሷም ተወችው። ያን ዕለት ራዲዮውን አንጠልጥለው ደጅ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔም ዛሬ ሌላ ነገር አስተምራችሁ ነበር። ግን ሰው ምን ይለኛል አለ። አያችሁ፣ ይቺ "ሰው ምን ይለኛል" የምትባል ነገር ስንት ቤት እንዳፈረሰች እኔ አውቃለሁ፤ ለንስሐ ስትመጡ እሰማዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ልክ በመልእክቱ ሰዓት፣ መብራት ሄደ።

ሰፈሩ በሙሉ ዝም አለ። ዳኛው "ስለቴ" ብሎ ዘሎ ተነሣ። ጧፍ ፈልጎ አበራና ከሥዕሉ ፊት አቆመ። ይህን ሲያደርግ ወይዘሮ ጥሩወርቅ "ዝም በል፣ ዝም በል" አለችው። ራዲዮው ጠርቷል። አንባቢዋ አጠገባቸው የተቀመጠች ነው የምትመስለው። "ቀጣዩ መልእክት ከአንዱአምላክ ነው፤ ለአባቱና ለእናቱ" አለች። እናቲቱ ወደ ራዲዮው ተጠጋች። አንባቢዋ ቀጠለች፤ "አባዬ፣ የዚያን ዕለት በር ላይ..."

መብራት መጣ። በሥዕሉ ዙሪያ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው በራ። ጥዝዝ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ከመንገዱ ማዶ የበያጁ የደምለው ማሽን ትርርር አለ። ደምለው መብራት እስኪመጣ እጁን አጣምሮ ይጠብቅ የነበረ ወጣት ነው፤ ሲመጣለት ሥራውን ቀጠለ። ዳኛው በመስኮት የብየዳውን ብልጭታ አየ። "አገኘሁት" አለ። መብራት ሲሄድ ደምለው ያቆማል፣ ራዲዮው ይጠራል። መብራት ሲመጣ ደምለው ይጀምራል፣ ራዲዮው ይጮኻል። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

እስቲ እናንተ ፍረዱ። መብራት ሲሄድ የጠፋው የደምለው ማሽን ብቻ ነበር? እዚያው አፍንጫው ሥር የጠፋ ነገር የለም? በገዛ እጁ ጧፍ ያበራው ታዲያ ለምንድን ነው? በራሱ ቤት የጠፋውን ተነሥቶ ተካው፤ ጥፋተኛውን ሲፈልግ ግን ዓይኑ መንገድ ተሻገረ።

ዕድሩ በተሰበሰበበት እሑድ ዳኛው ከሳሽም ዳኛም ሆኖ ተነሣ። "የዚህ ሰውዬ ማሽን ሰፈሩን እየረበሸ ነው። ዜና እንኳ መስማት አልቻልንም" አለ። ዜና። ልጄን ላጣው ነው አላለም። ቢል ኖሮ እኮ ደምለው ራሱ ማሽኑን ነቅሎ፣ መጥቶ አብሮት ይሰማ ነበር።

ደምለው ቆብ በእጁ ይዞ ቆመ። "ዳኛችን፣ እኔ ይኸው እዚህ ነኝ፤ ማሽኔ ተነቅሏል፣ ሱቄ ተቆልፏል። ቤትዎ ደግሞ ይኸው ነው፣ ከዚህ ይታያል። ተነሡና አሁን ራዲዮውን ይክፈቱት። ዝም ካለ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማሽኑን ራሴ አነሣዋለሁ" አለ።

ሰዉ "ልክ ነው" አለ። ልክ ነበራ። ተነሥቶ ሄዶ መስማት ነው፣ አለቀ። ዳኛው ግን ፊቱ ቀላ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሐል ሆና አየችውና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። "እኔ በሽማግሌነቴ አንተ ባዘዝከኝ የምሮጥ ሰው ነኝ?" አለ። "አሁን መልስልኝ። ሠርክ ላይ ትሠራለህ ወይስ አትሠራም? ከሠራህ ከዕድሩ ትወጣለህ። ሬሳ ቢወጣብህ የሚያነሣልህ ሰው አይኖርም።"

ከዕድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የደምለው እናት ቤት ውስጥ ታመው ተኝተዋል። ዳኛው ይህን ያውቃል፤ ቄስ ይዞ የጠየቃቸው እሱ ነው። ደምለው ቆቡን አየ፣ ሰዉን አየ። ቅድም "ልክ ነው" ያለው ሰው ሁሉ አሁን ጫማውን ነው የሚያየው። "እሺ፣ ዳኛችን" አለና ተቀመጠ። በዚያ ከተማ ቀን ቀን መብራቱ ኃይል የለውም፤ ብረት የሚይዝለት ሠርክ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሱቁ ሥራ ፈታ። ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ማሽኑን በጋሪ ጭኖ፣ የታመሙ እናቱን አቅፎ፣ ዘመድ ወዳለበት ከተማ ሄደ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስለት የተሳለ ሰው፣ ሥዕል ፊት የሚንበረከክ ሰው፣ ለገዛ ልጁ የሚያለቅስ ሰው፣ የሌላ እናት ልጅ ከሰፈር አባረረ። አባሮም ሲያበቃ ቤቱ ገብቶ ጸለየ።

ራዲዮውስ ዝም አለ? አላለም። እንዲያውም አሁን ከማዶ ምንም ድምፅ ስለሌለ ጥዝዝታው ጎልቶ ይሰማል። "እንግዲያው ወፍጮው ነው" አለ ዳኛው። ወፍጮው በዚያ ሰዓት ዝግ ነው። "ሆን ብሎ ጣቢያውን የሚያፍን አለ" አለ። ራዲዮውን ደበደበው። ደምለውን በከንቱ አባረርኩ አላለም።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። እናቲቱ ያቺን "አባዬ" የምትል ቃል ይዛ በየአመሻሹ ጆሮዋን ራዲዮው ላይ ትለጥፋለች። አንድ ቀን ጥዝዝታው ሲሰለቻት ቀና ብላ ሥዕሉን እያየች መጸለይ ጀመረች። ቀዩ ሲበራ፣ ጥዝዝ። ሲጠፋ፣ ዝም። አረንጓዴው ሲበራ፣ ጥዝዝ። ሲጠፋ፣ ዝም። ጸሎቷን አቋረጠች። ደግማ አየች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሶኬቱ ሄደች።

"ምን ልትሠሪ ነው?" አላት።

"ልነቅለው ነው።"

"ስለት ነው፣ እንዳትነኪው።"

"ስለቱ ለማን ነው?"

"ለልጃችን ነዋ።"

"እንግዲያው ልጃችንን ልስማው። አንተ ጧፍ አብራ። ጧፍ አይጮህም።"

እጇን ያዛት። በትዳር ዘመናቸው እሱ የያዘውን እጅ አስለቅቃው አታውቅም ነበር። አስለቀቀችውና ነቀለችው።

ጥዝዝታው ቆመ። ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ሽቦ፣ ያ ሁሉ ጥፊ፣ ያ የተሰደደ ሰው፣ ሁሉም ለካ በዚያች በትንሿ ሳጥን ነው። ዳኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ደምለው" አለ ለራሱ።

ያን ዕለት የልጁ ስም አልተጠራም። በማግሥቱም አልተጠራም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ግን አንባቢዋ "መልስ ያላገኙ የቆዩ መልእክቶችን ለመጨረሻ ጊዜ እንደግማለን" አለች። ባልና ሚስት ብፌው ፊት ቆሙ። ጧፉ በርቷል።

"አባዬ፣ የዚያን ዕለት በር ላይ 'ከእንግዲህ ልጄ አይደለህም፣ ሬሳህም እዚህ ቤት አይገባም' ያልከኝ በቁጣ ከሆነ፣ በዚህ ጣቢያ አንድ ቃል ላክልኝ፤ እመለሳለሁ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እዚሁ መጠለያው ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ቃል ካልመጣ ግን የምርህን ነበር ብዬ ከጓደኞቼ ጋር በባሕር እሄዳለሁ። እማዬን ሳምልኝ።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ራዲዮው አልዞረችም። ወደ ባሏ ነው የዞረችው። "እንዲህ ብለኸው ነበር?" አለችው። ሰው ሲጣላ የሚጠራው፣ ሲናገር ሁሉ ዝም የሚልለት ዳኛ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ከዚያማ ላከ። "በቁጣ ነው ልጄ፣ ና" ብሎ ላከ። ጣቢያው አነበበለት፣ ደጋግሞም አነበበለት። ልጁ ሰማው? ባሕሩን ተሻገረ? የሚያውቅ የለም። ይህን የነገረችኝ እናቲቱ ናት። ዛሬም በየአመሻሹ ራዲዮውን ትከፍታለች። አሁን እኮ ኩልል ብሎ ነው የሚሰማው። የሰው ልጅ ስም ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሷ ልጅ ብቻ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ተመቻችታችሁ ተቀምጣችኋልና።

ይህን ስናገር አጠገብህ ያለውን ሰው በክርንህ የጎሸምከው አንተ፣ "ይቺስ ለእገሌ ናት" ያልከው፣ አዎ አንተ፣ ላንተ ነው የምናገረው። አሁን እዚህ ቁጭ ብለህ እንኳ ጥፋተኛውን ማዶ ነው የምትፈልገው። ዳኛውን ሰደብከው፣ ለደምለው አዘንክለት። የራስህ ሰፈር ደምለው የታለ? በአንተ ምላስ ከማኅበር የወጣው፣ በአንተ ወሬ ሥራ ያጣው የታለ? "ተነሥተህ ስማ" ብሎ ሲለምንህ "እኔ አንተ ባዘዝከኝ የምሮጥ ነኝ?" ያልከው ሰው የታለ?

እናንተስ፣ በዚያ እሑድ ዕድር ላይ ጫማችሁን ያያችሁ? እዚህ መሐል ብዙ ናችሁ። መጀመሪያ "ልክ ነው" ትላላችሁ። የተከበረው ሰው ሲቆጣ ግን ልክ የነበረው ነገር ከአፋችሁ ይጠፋል። ደምለውን ያባረረው ዳኛው ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትወጡ።

ለቅዱሳኑ መብራት ታበራላችሁ፣ ምንጣፍ ታገባላችሁ፣ ጥላ ታገባላችሁ። አግቡ። እኔ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ስለቱን የተሳላችሁት ይቅርታ ላለመጠየቅ ነው? ያ ሰውዬ መብራቱን ሰቀለ እንጂ "ልጄን በዚህ አፌ አባረርኩት" አላለም። ለሚስቱ አላለም፣ ለንስሐ አባቱ አላለም፣ ለዕድሩ አላለም። አንዲት ቃል ከአፉ ማውጣት ከበደውና በቀይና በአረንጓዴ ሸፈናት። የሸፈነበት ነገር ደግሞ የልጁን ድምፅ አፈነበት። እግዚአብሔርን "ልጄን መልስልኝ" እያለ ይለምናል፤ የልጁ ቃል እኮ ቤቱ ድረስ መጥቶለት ነበር፣ ብፌው ላይ። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ነው የጠፋው።

"እግዚአብሔር ጸሎቴን አልሰማኝም" እያላችሁ ስንቶቻችሁ ትመጣላችሁ። ተበሳጭቼባችሁ ነው የምናገረው፣ ይቅር በሉኝ። እሱ አልሰማም ወይስ እናንተ ቤት ነው ጩኸቱ? ሚስትህ አንድ ነገር ልትነግርህ አፏን ስትከፍት "አንቺ ደግሞ" ትላለህ። ልጅሽ ሦስት ቃል ሳይናገር ስድስት ትመልሽለታለሽ። ወንድምህ ሽማግሌ ልኮ ደጅህ ላይ ቆሟል፤ አንተ "ሰው ምን ይለኛል" እያልክ በሩን ትዘጋለህ። ከዚያ መጥታችሁ ሰማዩ ዝም አለን ትላላችሁ።

የዚያ ልጅ መልእክት ቀን ነበረው። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ብሎ ነበር። እናቲቱ መብራቱን ስትነቅለው ቀኑ አልፏል። የእናንተ ልጅ፣ የእናንተ እኅት፣ የእናንተ ደምለው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ? አልነገራችሁም። ነግሯችሁም ይሆናል፤ ጩኸት ላይ ሆናችሁ አልሰማችሁትም።

ስለዚህ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የራሳችሁን ንቀሉ። የጎረቤቱን አይደለም፣ የራሳችሁን። በራችሁ ላይ ቆማችሁ በቁጣ ያባረራችሁት ሰው ካለ፣ እናንተ ደግሞ ዛሬ ስልክ አላችሁ፣ አውጡና "በቁጣ ነው፣ ና" በሉት። ሳምንት ሳይሆን ዛሬ።

አሁን ተነሡ። ጸሎቱን አሳጥረዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ቶሎ ቤት መግባት አለባችሁ።